ጁፒተር ምናችን ነው ለተባለው ምላሽ አለኝ

ሰሞኑን የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች በስልክ ሲቀባበሉት የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕር ያነሡት የኮምቦልቻ ተማሪዎች ወደ ጁፒተርና ወደ ጨረቃዎቿ ስለሚላኩ መንኮራኩሮች መማራቸውን በመቃወም ነው። ክርክራቸው ባጭሩ ይኸው፦ ለእነዚህ ጉዞዎች የሚወጣው ገንዘብ የተራበ ቢያበላበት ይሻል ነበር፤ ከተላኩት መካከል ብዙ የተባለላት ጋሊሊዮ አንቴናዋ አልከፈት ብሎ ከሽፋለች፤ እዚያ የሚደርስ መሣሪያ በጨረር ተበልቶ ይሞታል፣ እስኪሞትም ፎቶ ከማንሣት ያለፈ ሥራ የለውም፤ ኃይሉም ኑክሌር ነው፤ ሰማይን መመርመር ለሰው አልተፈቀደም፤ በመጨረሻም የኮምቦልቻ ልጅ እንጀራ የሚያበላውን ሙያ ይማር እንጂ ጁፒተር ምኑም አይደለችም።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል የምሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ። ጸሐፊው እንጀራ ያበላል ያሉት ሙያ የእኔ ዓይነቱ መሆኑ ከጽሑፋቸው ግልጽ ነው። ለመመለስ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ጁፒተር የሚሄድ መንኮራኩር መሥራት ከእኛ ሙያ ጋር አንድ ዘር ነው፤ ማንም ሄዶ ሊጠግነው የማይችለውን ማሽን ሳይቆም እንዲሠራ ማድረግ ማለት ነውና። የማነሣቸው ዓመታት፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከገንዘቡ ልጀምር። ዩሮፓ ክሊፐር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅታለች ብለዋል፤ ልክ ነው። ያ ገንዘብ ግን ከአሜሪካ ግብር ከፋይ ተሰብስቦ በብዙ ዓመታት ውስጥ ተከፋፍሎ የወጣ ነው። ክሊፐር ባትሠራ ኖሮ ብሩ ወደ ወሎ የሚመጣበት መንገድ አልነበረም። ደግሞም ጠፈር ላይ አልተበተነም፤ የበያጁ፣ ሽቦ የሚዘረጋው፣ የሚፈትሸው ሠራተኛ ደመወዝ ሆኖ እዚሁ ምድር ላይ ቀርቷል። ኢትዮጵያም ብትሆን ያመጠቀቻት የመጀመሪያ ሳተላይት፣ በ2019 ከቻይና የተነሣችው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ የተላከችው የራሳችንን መሬት ልታይ ነው፤ ከወጪዋም አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት።

ጸሐፊው የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ አንሥተዋል፤ እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ወሎ ውስጥ ይህን የሚያነሣ ሰው እንዲሁ ለነገር ማሳመሪያ አያነሣውም፤ እኔም ዝም ብዬ አላልፈውም። በ66 ሕዝባችን ያለቀው በድርቁ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ወሬውን አፍኖ ስለያዘም ነው። ከ77ቱ እልቂት በኋላ፣ በ1985፣ አሜሪካኖች የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ሲያቋቁሙ ከተመረኮዙባቸው ነገሮች አንዱ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች የሚያዩት የምድር ልምላሜ ነበር። ዝናብ የቀረበት ወረዳ ከላይ ሲታይ ልምላሜው ከወትሮው ቀንሶ ይታያል፤ የትኛውም ሹም ሊደብቀው አይችልም። እርግጥ እነዚህ ምድርን የሚዞሩ ሳተላይቶች እንጂ ወደ ጁፒተር የሚሄዱ አይደሉም፤ ልዩነቱን አላድበሰብስም። ካሜራው፣ ሬዲዮው፣ ከፀሐይ ኃይል ማመንጨቱ ግን አንድ ሙያ ነው። ስለዚህ የወሎን ረሃብ ጠቅሶ ይህን ሙያ መንቀፍ አይሆንልኝም።

አሁን ጋሊሊዮ ከሽፋለች ወደሚለው ልምጣ። ጽሑፉ ላይ ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ ታሪክ በላይ ለኮምቦልቻ ተማሪ የሚጠቅም ታሪክ አላውቅም።

ጋሊሊዮ በጥቅምት 1989 ሰው በምታጓጉዘው የአትላንቲስ መንኮራኩር ተጭና ተነሣች። ዋናው አንቴናዋ 4.8 ሜትር ስፋት ያለው፣ በ18 ዘንጎች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ነበር። በሚያዝያ 1991 እንድትዘረጋው ትእዛዝ ተላከ። ሞተሩ ዞረ፤ ጥቂት ዘንጎች ግን ከመሐሉ ምሰሶ አልላቀቅ አሉ፤ ጃንጥላው አንድ ጎኑ ተከፍቶ ሌላው ታጥፎ ቀረ። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። ለምን ተጣበቀ የሚለውን ግን አልጠየቁም፤ ጥገና ክፍል ውስጥ ደግሞ ሥራ የሚጀመረው ከዚያ ጥያቄ ነው።

መንኮራኩሯ መጀመሪያ ልትነሣ የታቀደው በ1986 ነበር። በዚያ ዓመት ጥር ላይ እንደ አትላንቲስ ያለችው ቻሌንጀር ሰባት ሰዎች እንደያዘች ፈነዳችና ጉዞው ሁሉ ቆመ። ጋሊሊዮ ከፍሎሪዳ ወደ ካሊፎርኒያ ተመለሰች፤ ከዓመታት በኋላ እንደገና ወደ ፍሎሪዳ ተወሰደች። የአሜሪካን ምድር ከዳር እስከ ዳር የምታቋርጠው በከባድ መኪና ነበር። አንቴናው ታጥፎ እንደታሰረ በመንገዱ ንዝረት ሲናጥ፣ ዘንጎቹን የሚይዙት ፒኖች ላይ የተቀባው ደረቅ ማለስለሻ ተፋቆ አለቀ፤ መርማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ነው። አየር በሌለበት ጠፈር ደግሞ ማለስለሻ የሌለው ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ይነካከሳል።

ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ ደረቅ ወደባችን የሚገባ ማሽን የተቀበለ ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። ሳጥኑ ሲከፈት አዲስ ሠራተኛ የሚያየው ቀለሙን ነው። ነባሩ ግን የሞተሩን ዘንግ በእጁ ይዞ ቀስ ብሎ ያሽከረክረዋል። ሳይዞር ቆሞ ለሁለት ሦስት ቀን መኪና ላይ የተንቀጠቀጠ ኩሽኔታ ኳሶቹ ባረፉበት ቦታ ላይ በዓይን የማይታይ ጥቃቅን ጠባሳ ይሠራል፤ ግራሶው ከመሐል ተገፍቶ ይወጣና ብረት ብረትን ይመታል። በእጅ ሲዞር እየተደናቀፈ እንደሚሄድ ሆኖ ጣት ላይ ይሰማል። ያንን ሳይፈትሹ ኃይል የሰጡት ሞተር በጥቂት ወር ውስጥ መጮኽ ይጀምራል። የጋሊሊዮ አንቴና ላይ የደረሰው ከዚህ ጋር አንድ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ፈትሾ ግራሶ ለመጨመር የሚደርስለት ሰው አለመኖሩ ነው።

ታዲያ ምን ተደረገ? መንኮራኩሯን ወደ ፀሐይ አዙረው አሞቋት፤ መልሰው አቀዘቀዟት። ብረቱ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ይላቀቅ ይሆናል ብለው ነው። ሞተሩን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ በአጭር በአጭሩ እያስነሡ እንደ መዶሻ አስመቱት። አልሆነም። በዚያ አንቴና በሰከንድ 134 ሺህ ቢት መረጃ ይመጣል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ የቀረላቸው ትንሹ አንቴና ግን መጀመሪያ ላይ በሰከንድ ከ20 ቢት ያነሰ ነበር የሚልከው። በዚህ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ሶፍትዌሩ አዞሩ። ምስሉን ጨምቆ የሚያሳንስ፣ ስሕተቱን አጥብቆ የሚያርም አዲስ ፕሮግራም ጽፈው በሬዲዮ ላኩላት። ምድር ላይ ያሉትን መቀበያ ዲሾች አሻሻሉ፤ የአንዱን ከሌላው ጋር አዳመሩ። ፍጥነቱ በዚህ ሁሉ እስከ 160 ቢት ደረሰ። መንኮራኩሯ ያየችውን በቴፕ እየቀዳች፣ ከጨረቃዎቹ ራቅ ስትል ለሳምንታት እያንጠባጠበች ትልክ ጀመር።

በታኅሣሥ 1995 ጁፒተር ደረሰች። የለቀቀቻት ትንሽ መመርመሪያ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች ወደ ደመናው ገባች፤ ለአንድ ሰዓት ያህል መረጃ ከላከች በኋላ ግፊቱና ሙቀቱ አሸነፋት። ጋሊሊዮ ራሷ ለስምንት ዓመት ገደማ ጁፒተርን ዞረች። ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ የሆነችው፣ ከሜርኩሪ የምትበልጠው ጋኒሜድ የራሷ መግነጢሳዊ መስክ እንዳላት አገኘች። ከሌላዋ ጨረቃ ከዩሮፓ በረዶ ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ ስለመኖሩ ጠንካራውን ማስረጃ ያመጣችውም እሷ ናት፤ የጁፒተር መግነጢሳዊ መስክ በተለዋወጠ ቁጥር ዩሮፓ ውስጥ እንደ ጨው ውሃ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር መልስ ሲሰጥ መሣሪያዋ ላይ ተመዘገበ። በመስከረም 2003 ነዳጇ እያለቀ ስለነበር ሆን ተብሎ ወደ ጁፒተር እንድትገባ ተደረገ። ጸሐፊው ይህን ብክነት ብለውታል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው፤ ከምድር ይዛ የሄደችው ረቂቅ ተሕዋስ ካለ፣ አንድ ቀን ዩሮፓ ላይ ወድቃ ያንን ውሃ እንዳትበክል ነው። እየተጠቀሙበት ያለውን መሣሪያ ለዚህ ሲሉ መተው እኔ የማከብረው ጥንቃቄ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሚያዝያ 2023 አውሮፓውያን ጁስ የተባለችውን መንኮራኩር ወደ ጁፒተር ላኩ። በረዶን ዘልቆ የሚያይ ራዳር አላት፤ አንቴናው 16 ሜትር ነው፤ እሱም አልዘረጋ አለ። ተጠርጣሪው አንድ ትንሽ ፒን ነበር። መንኮራኩሯን በሞተሮቿ አናወጧት፤ ወደ ፀሐይ አዞሯት፤ በመጨረሻ በግንቦት ወር ከማሠሪያው አጠገብ ያለ አንድ መፈናጠሪያ ሲያስነሡ ንዝረቱ ፒኑን ፈንቅሎት አንቴናው ተዘረጋ። ከጋሊሊዮ በኋላ ሠላሳ ዓመት አልፎ ያው ችግር መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ተፈታ። ያለፈው ብልሽት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ለሚቀጥለው ሠራተኛ መድረሱ ምን እንደሚጠቅም ጥገና ክፍል የሠራ ሁሉ ይመሰክራል።

ስለ ጨረሩ ጸሐፊው ያሉት ግማሹ እውነት ነው። የጁፒተር መግነጢሳዊ መስክ የሚያጠምዳቸው ቅንጣቶች ኤሌክትሮኒክስን ይበላሉ። ስለዚህ ነው በ2016 ጁፒተር የደረሰችው የአሜሪካ መንኮራኩር ጁኖ ዋና ዋና ኮምፒውተሮቿን ግድግዳው 1 ሴንቲ ሜትር በሚወፍር የቲታኒየም ካዝና ውስጥ ይዛ የሄደችው። ካሜራዋ ግን ከካዝናው ውጭ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ዙሮች ብቻ ይቆያል ተብሎ የተሠራ ሲሆን ከአርባ ዙር በላይ ቆየ። ከ47ኛው ዙር ጀምሮ ምስሉ መበላሸት ያዘ፤ ግምቱ ኃይል የሚመጥነው ክፍል ተጎድቷል የሚል ነበር። እጃቸው ላይ የቀረው አንድ ማሞቂያ ብቻ ስለነበር ካሜራውን እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሞቁት፤ ይህ ለእሱ ከለመደው በላይ ነው። ብረታ ብረት የሚሠራ ሰው ይህን ዘዴ ያውቀዋል፤ የተጎዳ ብረት ሞቆ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይስተካከላል። ካሜራው አገገመ፤ ከጥቂት ዙሮች በኋላ ግን መልሶ ባሰበት። እሳተ ገሞራ ወደሚንተከተክባት የጁፒተር ጨረቃ ወደ አዮ የመቅረቢያው ቀን እየደረሰ ስለነበር ደፍረው ማሞቂያውን ከበፊቱ በጣም ከፍ አደረጉት። ጥቂት ቀን ምንም አልታየም። ከዚያ ምስሉ እየጠራ መጣ፤ በታኅሣሥ 30 ቀን 2023 ጁኖ ከአዮ በ1,500 ኪሎ ሜትር ርቀት ስታልፍ ካሜራው ከምድር ሲነሣ እንደነበረው ለመሆን ጥቂት ቀርቶት ተራሮቿን አነሣ።

ክሊፐር ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ2024፣ ልትነሣ ወራት ሲቀሯት፣ የተገጠሙላት ትራንዚስተሮች ከታሰበው ባነሰ ጨረር ሊበላሹ እንደሚችሉ ታወቀ። ለወራት ፈተሹ። ዩሮፓን ሳይሆን ጁፒተርን ስለምትዞር፣ ወደ ዩሮፓ 49 ጊዜ ቀርባ ወዲያው ከጨረሩ ስለምትወጣ፣ ትራንዚስተሮቹ በመሐል ባለው ጊዜ እንደሚያገግሙ አረጋገጡና በጥቅምት 14 ላኳት። መሣሪያን ማስረፍ ራሱ ጥገና ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ይህን ለአለቆች ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ያውቃል።

ፎቶ ብቻ የሚለውን በተመለከተ፣ ከምድር ውጭ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ መኖሩ የታወቀው በአንድ ፎቶ ነው። በመጋቢት 1979 ሊንዳ ሞራቢቶ የተባለች የቮዬጀር 1 መንኮራኩር የአቅጣጫ መሐንዲስ ከዋክብትን ለመለየት የተነሣ ምስል ስትመለከት ከአዮ ጠርዝ ላይ የተነሣ ጭስ አየች። ውቅያኖሱን ያገኘው ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ፎቶ አይደለም።

የኑክሌሩ ነገር ብዙ አያከራክርም። ፓዮኒር የተባሉት መንኮራኩሮች፣ ቮዬጀሮቹና ጋሊሊዮ ከፕሉቶኒየም ሙቀት ኤሌክትሪክ ያመነጩ ነበር። ጁኖ፣ ጁስና ክሊፐር ግን በፀሐይ ኃይል ነው የሚሠሩት። እዚያ የፀሐይ ብርሃን ከምድሩ 25 ጊዜ የደከመ ስለሆነ የክሊፐር ሶላሮች ተዘርግተው 30 ሜትር ይደርሳሉ። ጁኖ እዚያ የምታገኘው 500 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ የቤታችን የኤሌክትሪክ ምጣድ እኮ ከ3,000 ዋት በላይ ይወስዳል። በዚያች ኃይል ኮምፒውተር፣ ሬዲዮ፣ ማሞቂያና መሣሪያዎች ሁሉ ተራ እየጠበቁ ይሠራሉ። መብራት በፈረቃ ለሚደርሰው ፋብሪካ ከዚህ የሚቀሰም ነገር አለ።

ሰማይን መመርመር አልተፈቀደም ለተባለው በአክብሮት አጭር መልስ አለኝ። እኛ ወሎዬዎች ነን። አንዱ ጎረቤት ረመዳንን ለመጀመር ጨረቃ ሲጠብቅ፣ ሌላው በባሕረ ሐሳብ ጾሙንና በዓሉን ሲያሰላ አድገናል። አባቶቻችን ሰማይን በቁጥር ሲያውቁት ሃይማኖታቸው አልጎደለም።

የቀረው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ጸሐፊው ጁፒተር ምኑም አይደለችም ብለዋል። ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ሱቅ ገብተው ባንኮኒው ላይ የተለጠፈውን የቴሌብር ኪውአር ኮድ ይመልከቱ። ጥጉ ተቀዷል፤ ዘይት የነካው ጣት አልፎበታል፤ አንዱ ጎን ፀሐይ በልቶት ደብዝዟል። ስልክ ሲያሳዩት ግን ያነበዋል። ምክንያቱ ከመረጃው ጎን ለጎን በስሌት የተሠራ ተጨማሪ ምልክት መታተሙ ነው፤ የጠፋው ከቀረው ተሰልቶ ይመለሳል። ሒሳቡን በ1960 ያወጡት ሪድና ሶሎሞን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ናቸው፤ ቮዬጀር 2 ከሳተርን በኋላ ከሩቅ የላከችው ደካማ ምልክት ሳይበላሽ የደረሰውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን ጠፈር ፈጠረው አልልም። የተፈተነባቸው ከባድ ቦታዎች ግን እነዚህ ጉዞዎች ናቸው፤ የኮምቦልቻ ልጅ ደግሞ በየቀኑ ይጠቀምበታል።

የጁኖ ካሜራ ጥሬ ምስሎች ለማንም ክፍት ሆነው ይለቀቃሉ፤ በየአገሩ ያሉ ተራ ሰዎች ናቸው ቀለም የሚያወጡላቸው። ላፕቶፕ ያለው የደሴ ወጣት ዛሬ ማታ አንዱን አውርዶ መሥራት ይችላል። የአዮን የላቫ ሐይቆች ለመረዳት ኤርታሌን ያጠኑ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ኤርታሌ ያለችው ደግሞ ከባቲ ቁልቁል ስንወርድ በምናገኘው በአፋር ምድር ነው። ክረምቱ ወጥቶ የደሴ ጉም ሲገፈፍ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ቆሞ መልካም ባይኖኩላር ወደ ጁፒተር ያነጣጠረ ሰው አራቱን ጨረቃዎች በአንድ መስመር ተሰድረው ያያቸዋል፤ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ክርኑን ድንጋይ ላይ ቢያስደግፍ ይበጃል። በማግሥቱ ሲመለስ አሰላለፋቸው ተለውጧል። ጋሊሊዮ ጋሊሊ በ1610 ያየው ይህንን ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። መገናኛ ብዙኃኖቻችን እነዚህን ጉዞዎች ሲያወሩ ማድነቅ እንጂ ማስረዳት አልለመዱም። ተማሪው መንኮራኩር ተላከ የሚለውን ይሰማል፤ ፒኑ ለምን ተጣበቀ የሚለውን ግን አይሰማም። ይህ እንዲስተካከል አብረን ብንጮኽ ደስ ይለኛል፤ መፍትሔው ግን ትምህርቱን መተው ሳይሆን ጠለቅ አድርጎ ማስተማር ነው።

ክሊፐር በሚያዝያ 2030፣ ጁስ በሐምሌ 2031 ጁፒተር ይደርሳሉ። ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ያለ ልጅ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት ወይም ሥራ የሚይዝበት ዕድሜ ላይ ይሆናል። ጸሐፊው ምላሽ የሚሰጡኝ ከሆነ አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ የጋሊሊዮን አንቴና ታሪክ ከኩሽኔታ ጋር አድርጌ ለአንድ የቴክኒክ ተማሪ ባስተምረው፣ ከሚያበላው ሙያ ያወጣሁት የቱ ላይ እንደሆነ በዝርዝር ይጻፉልኝ።